የእትዬ አሥራ አራት የሕይወት ታሪክ

በጡት ምርመራ ክፍል ባልደረቦቻቸው እስከ ዛሬ «እትዬ አሥራ አራት» እያሉ የሚጠሯቸው አክስቴ፣ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው በ1943 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው የስፌት መኪና መርፌዎቻቸውን በየቁጥሩ ለይተው በጣሳ ያስቀምጡ ነበርና አክስቴ ፊደል ሳይቆጥሩ የመርፌ ቁጥር ለዩ። «መርፌ የሚመረጠው ጨርቁ ታይቶ ነው» የሚለውን የአባታቸውን ቃል ዕድሜ ልካቸውን ሲደግሙት ኖረዋል።

በ1968 ዓ.ም. በማዕረግ ተመርቀው ሐኪም ሆኑ። ሆስፒታል ሲገቡ የመርፌ ቁጥር ተገልብጦ ጠበቃቸው፤ እዚያ ቁጥሩ ባነሰ መጠን መርፌው ይወፍራል። ይህን ለአባታቸው ቢነግሯቸው «እነዚህ ሰዎች ልብስ እንዳይሰፉልኝ» ብለው ሳቁ። በ1971 ዓ.ም. ርዕሰ መምህር ከሆኑት ባለቤታቸው ጋር ተጋብተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል። ባለቤታቸው በትዕግሥታቸው የታወቁ ናቸው፤ ባይታገሡማ ኖሮ አይዘልቁትም ነበር፤ አክስቴ ሻይ ለማማሰል እንኳ ማንኪያ ይመርጡ ነበር።

በ1985 ዓ.ም. ታላቅ እህታቸው፣ ማለትም እናቴ፣ ጡታቸው ላይ እብጠት አገኙ። እናቴ መርፌ ሲያዩ ይንቀጠቀጣሉ። አክስቴም አንጀታቸው አልችል ብሎ ቀጭኑን፣ ሃያ አምስት ቁጥሩን፣ አነሡ። ቀጭን መርፌ ውሃ ለቋጠረ እብጠት ይበቃል፤ ጠጣር ለሆነው ግን ሥጋውን ቆንጥሮ የሚያወጣ ወፍራም ያስፈልጋል። ይህን አሳምረው ያውቁ ነበር። ውጤቱ «ናሙናው አይበቃም» ተብሎ ተመለሰ። ሌላ ቀጠሮ እስኪደርስ ሰባት ሳምንት አለፈ። በወፍራሙ፣ በአሥራ አራት ቁጥር፣ ሲደገም ካንሰር ሆኖ ተገኘና እናቴ አንድ ጡታቸውን አጡ። ሰባቱ ሳምንት ምን እንደቀየረ ማንም አያውቅም፤ አክስቴ ግን በራሳቸው ላይ ፈረዱ።

ከዚያ ወዲህ እብጠቱ ጠጣር ከሆነ እጃቸው ከአሥራ አራት ሌላ አያውቅም። ታካሚዋ እንዳትደነግጥ አስቀድመው መርፌውን የሚያስፈነጥረውን መሣሪያ በባዶው ቀጭ አድርገው ያሰሟታል፤ በደንብ አደንዝዘውም «አንዴ ይመምሽ እንጂ ሁለቴ አትመላለሺ» ይሏታል። ለተማሪዎቻቸው ደግሞ «ርኅራኄያችሁን በማደንዘዣው አሳዩ» ይሉ ነበር። ከዚያው ዓመት ጀምሮም ቅዳሜ ቅዳሜ እናቴ ቤት ይመጣሉ። መጋረጃ ያጥባሉ፣ መድኃኒት ይቆጥራሉ፣ ከእናቴ ጋር ሲነታረኩ ይውላሉ። ሠላሳ ዓመት አንድም ቅዳሜ ሲቀሩ አላየሁም።

በ2012 ዓ.ም. እብጠቱ በአክስቴ በራሳቸው ጡት ላይ ወጣ። ናሙና የምትወስደው የቀድሞ ተማሪያቸው ነበረች፤ እጇ ወደ ቀጭኑ ሲሄድ አይተው «ልጄ፣ ለእኔ አትዘኚ፤ አሥራ አራቱን አንሺ» አሏት። መልሱ በመጀመሪያው መጣ፣ ሕክምናው ቶሎ ተጀመረ፣ አራት ዓመትም አብረውን ቆዩ። ባለፈው ሰኞ ጠዋት በ73 ዓመታቸው ባለቤታቸው፣ ሦስት ልጆቻቸውና አምስት የልጅ ልጆቻቸው ባሉበት ዐረፉ።

ዛሬ ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡት እናቴ ይህን ጨምሪልኝ ብለውኛል፦ «ይቅር ያልኳት ያኔውኑ ነው። አፍ አውጥቼ ያልነገርኳት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ መምጣቷን ትተወዋለች ብዬ ፈርቼ ነው። አሁን እሷ ይቅር ትበለኝ።»

ፈጣሪ ነፍሳቸውን እጁን አለስልሶ ይቀበልልን።