ስለ አሥራ ዘጠኝ ሰከንድ መዘግየት

ድሬዳዋ፣ ኅዳር 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ የምስልና የድምፅ ማኅደር ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በሥርዎ ያሉት ባለሙያዎችም በመልካም ጤና ላይ እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። ከሁሉ ይልቅ ጆሮዎ ደኅና መሆኑን ብንሰማ ደስ ይለናል፤ ይህ ደብዳቤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የጆሮ ጉዳይ ነውና። በጋዜጣ ያወጣሁት ስምዎን በክፉ ለማንሳት ብዬ አይደለም። ካሴታችን እንዲመለስልን ከዚህ ቀደም የላክናቸው አራት ደብዳቤዎች ጠረጴዛዎን ላለማስጨነቅ ብለው ይመስላል፣ መልስ ሳይጠይቁ ቀርተዋል።

ማንነታችንን ላስታውስዎ። ሦስት ነን። «የቅዳሜ ደወል» የተባለውን የልጆች ፕሮግራም እየወደድን ያደግን፣ ዛሬ የጠፉ ክፍሎቹን ከየሰው ቤት እየለቀምን የምንመዘግብ ሰዎች። ኻሊፍ እዚሁ ድሬዳዋ፣ ታይዋን በሚባለው ገበያ ውስጥ ቴሌቪዥን ይጠግናል። ጋሽ ወልደ ማርያም ከባቡር ሥራ በጡረታ የወጡ ናቸው። እኔ ጸሐፊው ነኝ፤ ማለትም የምፈርመው እኔ ነኝ። ክፍሎቹን የምናገኘው የሠርግ ካሴት ሲያልቅ፣ የህንድ ፊልም ከመጀመሩ በፊት፣ አንዱንም ቢዮ አዋሌ መንደር ውስጥ የሱቅ በር እንዳይዘጋ ሲደግፍ ከኖረ ካሴት ላይ ነው።

የምንመዘግበው ጋሽ ወልደ ማርያም ከሥራቸው ይዘውት በወጡት ባዶ ቅጽ ላይ ነው። ዓምዶቹ አራት ናቸው፦ መነሻ፣ መድረሻ፣ መዘግየት፣ የመዘግየት ምክንያት። ክፍሉ የጀመረበትን ደቂቃ መነሻ ላይ፣ ያለቀበትን መድረሻ ላይ እንጽፋለን። አንድ ልጅ ቃል ጠፍቶበት ዝም ሲል፣ የፕሮግራሙ አሻንጉሊት ጃርት ከእጅ ሲወድቅ፣ ያንን መዘግየት ላይ። ጋሽ ወልደ ማርያም በዚህ ዓምድ ላይ ቀልድ አያውቁም። ባቡር ስለ መንገዱ የሚናገረው ሲዘገይ ብቻ ነው ይላሉ።

ካሴት ቁጥር 31 የተገኘው ከኻሊፍ አክስት ቤት ነው። ሠርጉ ያልቃል፣ ሙሽሮቹ ይሄዳሉ፣ ምስሉ ለአፍታ ይበጠበጥና የድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ይመጣል። ዘመኑ 1981 ነው። አቅራቢዋ እትዬ ዝናሽ ከአዲስ አበባ በባቡር መጥተው የሰፈሩን ልጆች ስም ይጠይቃሉ። ስድስት ዓመት ከሚሆናት ልጅ ፊት ይቆማሉ። ስሟን በአማርኛ ይጠይቋታል። ልጅቷ ዝም ትላለች። እትዬ ዝናሽ አይቸኩሉም፤ ማይክሮፎኑን እንደያዙ ይጠብቃሉ። ከዚያ ካሜራው ከማያየው ቦታ የአንድ ወንድ ድምፅ በሶማልኛ ይሰማል፣ ዝቅ ብሎ። ልጅቷ ወደ ድምፁ ዞር ትላለች። ትመለሳለች። ኢፍቲን እባላለሁ ትላለች።

መዘግየት፦ 19 ሰከንድ። ምክንያት፦ ልጅቷ ፈርታ ነበር።

ወይዘሮ ኢፍቲንን ለማግኘት ብዙ አልተንከራተትንም፤ ከኻሊፍ ሱቅ ሦስተኛው በር ላይ ልብስ ትሸጣለች። ጠራናት። የራሷን ፊት አይታ ሳቀች፤ በዚያ ፀጉር ለቴሌቪዥን ማን እንዳበቃኝ እያለች ቀለደች። ድምፁ ሲመጣ ሳቋ ቆመ። መልሰን እንድናጫውተው በእጇ አመለከተች። በሁለተኛው ላይ «አባቴ ነው» አለች።

አባቷ ዐብዲከሪም የጣቢያው ሠራተኛ ነበሩ። ከሞቱ ሃያ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ፎቶግራፎቻቸውን ደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ቤት የገባበት ክረምት ወስዷቸዋል። ድምፃቸው የትም ተቀርጾ እንደሚገኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ያሉትን ራሷ ወደ አማርኛ መለሰችልኝ፤ «ኣቦ፣ ስምሽን ንገሪያት። እዚሁ ነኝ፣ የትም አልሄድኩም።» ኣቦ አባት ማለት ነው፤ ሶማሌ አባት ልጁን በራሱ መጠሪያ ይጠራታል።

ለሦስተኛ ጊዜ አላጫወትነውም። የኻሊፍ ቪዲዮ ማጫወቻ ዴክ አርጅቷል፣ ካሴት ይበላል። ስለዚህ ቅጂ አላስቀረንም። በዚያው ሰሞን የእርስዎ ክፍል አሮጌ ካሴቶችን በዘመናዊ መሣሪያ ገልብጦ እንደሚመልስ አስታወቀ። ሠላሳ አንዱንም ካሴት ከመዝገባችን ጋር ላክንልዎ።

ምስጋናችንን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ስለ ቀለም። የእኛ ካሴት ጥቁርና ነጭ በመሆኑ፣ ፕሮግራሙ ግን በቀለም የተሠራ በመሆኑ፣ «ከዋናው ሥራ ጋር የማይጣጣም» ተብሎ እንደማይመዘገብ በነሐሴ ደብዳቤዎ አስረድተውናል። በዚያ ዘመን እዚህ የሚገባው ዴክ በአብዛኛው በጅቡቲ በኩል የመጣ ነበር፤ የቀለም አሠራሩ ከአገራችን ስርጭት ጋር ስለማይገጥም የሚቀዳውን ሁሉ ጥቁርና ነጭ ያደርገው ነበር። ይህን ማንኛውም የታይዋን ጠጋኝ ይነግርዎታል። ዋናው የት እንዳለ ስንጠይቅ ደግሞ ዋናው እንደሌለ ተነገረን። ከሌለ ነገር ጋር አለመጣጣም ይህን ያህል ከባድ ጥፋት መሆኑን አናውቅም ነበር፤ ስላሳወቁን እናመሰግናለን።

፪. ስለ ፍጥነት። የላኩልንን ፍላሽ ስንከፍት እትዬ ዝናሽ ስሟን ይጠይቃሉ፣ ልጅቷም ወዲያው ትመልሳለች። በመካከል ትንፋሽ እንኳ የለም። ፈርታ የማታውቅ ልጅ ትመስላለች። አባት ያላት ልጅም አትመስልም። ባለሙያዎ አብሮ ያያያዘው ማስታወሻ፣ «በመዝገባችሁ ላይ የተመለከቱት መዘግየቶች በሙሉ ታርመዋል፤ ተገቢ ያልሆነ የጀርባ ጫጫታም ተወግዷል» ይላል። ለትጋቱ አድናቆቴ ይድረሰው። ሠላሳ አንድ ካሴት ላይ አንድም መዘግየት አላመለጠውም።

፫. ሦስተኛውን ለመጻፍ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ።

የት እንደሚቆረጥ የጠቆምነው እኛ ነን። በሰከንድ ለክተን፣ በንጹሕ እጅ ጽሑፍ፣ ዓምዱን አስምረን። ጋሽ ወልደ ማርያም ማስታወሻውን ካነበቡ ወዲህ ቅጽ አልነኩም። መዘግየት ማለት በእኛ ቤት ጥፋት ማለት እንዳልሆነ አንድ መስመር ብንጨምር ኖሮ። ያንን መስመር መጻፍ የነበረበት ጸሐፊው ነው። የርክክብ ቅጹ ላይ ያለው ፊርማም የእኔ ነው፤ «ካሴቶቹን በሙሉ ፈቃዴ አስረክቤያለሁ» ከሚለው ሥር። ፊርማዬን አውቀዋለሁ። ግን አንዳንድ ቀን ሳየው፣ ሌላ የተረጋጋ ሰው የፈረመው ይመስለኛል።

ወይዘሮ ኢፍቲን አልወቀሰችኝም። በሱቋ በኩል ሳልፍ ካሴቱ መጣ ወይ ብላ ትጠይቃለች፤ አልመጣም እላለሁ፤ እሺ ትላለች። አሁን በሌላኛው መንገድ ዞሬ እሄዳለሁ።

ክቡር ሆይ፣ በኅዳር 12 ማስታወቂያዎ መሠረት ተገልብጠው ያልተመዘገቡ ካሴቶች ታኅሣሥ 6 ቀን ይወገዳሉ። ዛሬ አሥራ ሁለት ቀን ቀርቷል። ቢሮዎ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጠሮው ቀን ሥራውን ይሠራል ብዬ የምፈራበት ጊዜ ይመጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። ከሠላሳ አንዱ ሠላሳውን ስጦታ አድርገው ይያዙልን። ቁጥር 31ን ብቻ፣ ጥቁርና ነጩን፣ ከነጫጫታው ይመልሱልን። ይቅርታም፣ ማብራሪያም አንጠይቅም። እኔ ራሴ መጥቼ እወስደዋለሁ፤ በሩ ላይ እንድቆም ከተባልኩም እቆማለሁ።

ለማኅተምዎ፣ ለመቀሶችዎ፣ ዝምታን ከስህተት ለመለየት ጊዜ ላላባከነው ክፍልዎ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት፣ ካሴቱ እጄ እስኪገባ ድረስ በየሳምንቱ በጽሑፍ ለመግለጽ ቃል እየገባሁ፣

ዓለምሰገድ ወንድይፍራው
የ«ቅዳሜ ደወል» ወዳጆች ጸሐፊ፣ ፈራሚም

ተጨማሪ፦ ይህን ደብዳቤ ለወይዘሮ ኢፍቲን አንብቤላት ነበር። ካሴቱ ምናልባት ቀድሞ ተወግዶ ከሆነ አንድ ነገር ብቻ እንድለምንዎ አዝዛኛለች። ጫጫታውን የቆረጠው ባለሙያ ከመቁረጡ በፊት ሰምቶታል። ከእኛ ሌላ የሰማው እሱ ብቻ ነው፤ እኛም እየረሳነው ነው። ይደውልላትና ድምፁ ምን ዓይነት እንደነበረ ይንገራት፤ ወፍራም ነበር ወይስ ቀጭን፣ የቸኮለ ነበር ወይስ የረጋ። የስልክ ቁጥሯን ለእርስዎ በላክሁት ቅጂ ፖስታ ላይ ጽፌያለሁ። ገበያው ጫጫታ ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ላትሰማው ትችላለች። ትንሽ ይጠብቃት።