ሰባቱ ገበሬዎች ስለተማሩበት የስንዴ ማሳ

ጥቅምት ፲፪ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.
ከአምበር አጠገብ

ደብረ ማርቆስ ተቀምጠው የጎጃምን እርሻ ለሚያዘምኑልን፣ ለክቡር የእርሻ ማዘመኛ ጽሕፈት ቤት ሹም፤

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ክረምቱስ እንዴት አሳለፈዎ? የደጋችን ብርድ ለባሕር ማዶ ሰው እንደሚከብድ ስለማውቅ ዘወትር አስብዎታለሁ፤ ጤናዎ በወንዙ ዳር እንዳለው ስንዴዎ የለመለመ ይሁን። እኛን ከጠየቁን ከብቱ ደህና ነው፤ ዝናቡም ሳይበዛ ሳያንስ በልኩ ወርዷል። ሰዎቻችን ስላሉበት ሁኔታ ግን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ስለሚያውቁ ልጽፍልዎ አልደፍርም።

ዘንግተውኝ እንደሆነ፣ ባለፈው ግንቦት የወጣት አራሾችን ስም ዝርዝር በጥቁርና በቀይ ቀለም አሳምሬ የጻፍሁልዎ መሪጌታ ኃይለ ሚካኤል ነኝ። አስተርጓሚዎ የእጅ ጽሕፈቴን ወድደውት እንደነበር ነግሮኛል። ዛሬም የሚጽፍልዎ ያው እጅ ነው፤ ልቆርጠው አስቤ ይህን ደብዳቤ እስክጽፍበት ብዬ የተውሁት እጅ ነው።

ደብዳቤው ለእርስዎ ብቻ አለመሆኑን ይቅርታ ጠይቄ አሳውቃለሁ። አንዱ ቅጂ በቤተ ክርስቲያናችን ደጅ፣ አንዱ በአምበር ገበያ ዛፍ ላይ ተለጥፏል፤ ማንበብ የሚችል ለማይችለው ያነብለታል። እንግዲህ ምስጋናዬንና ቅሬታዬን በተራ አቀርባለሁ።

፩ኛ፤ ስለ እርሻ መኪናው ምስጋናችን ከፍ ያለ ነው። የጋራ ግጦሻችን የነበረውን የወንዝ ዳር መሬት አጥረው የማስተማሪያ ማሳ ብለው ሲሰይሙት፣ አንድ ክንድ ከስንዝር ጠልቆ የሚያርስ መኪናም ሲያመጡልን፣ የእኛ ማረሻ መሬቱን እንደ ዶሮ ይጭራል ብለው በአደባባይ ተናግረዋል። እውነትዎን ነው። ነገር ግን ዋልካ አፈር በክረምት ምን እንደሚሆን ያ እንደ ዶሮ የሚጭረው ገበሬ ያውቅ ነበር፤ የጠየቀው ሰው ጠፋ እንጂ። በሐምሌ መኪናው እስከ ሆዱ ሲሰጥም ከየቤታችን በሬ አስነድተው አስጎተቱት። ለበሬዎቻችን ስለሰጡት ክብር እናመሰግናለን፤ በሬዎቹ በዚያ ቀን ስላዩት ነገር በኋላ እመለስበታለሁ።

፪ኛ፤ ስለ ዝርዝሩ። ትእዛዝዎ ግልጽ ነበር፦ የጎበዝ አራሾች ስም ይጻፍ፤ መኪናውን ይማራሉ፤ ስሙ የተጻፈለት ቤት ከመንገድ ሥራ ነፃ ይሆናል፤ የተመረጠ የስንዴ ዘርም ያገኛል። ይህን ስሰማ ማንም ሳያስገድደኝ ወድጄ አመንሁ። ዕድሜዬን ሙሉ አንድ ወንድ ልጄ ከእኔ በተሻለ ማረሻ እንዲያርስ ስመኝ ኖሬአለሁ፤ እርስዎም ያንኑ ምኞቴን ይዘው ደጄ መጡ። በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የተባለው ለእኔ ነው። በዝርዝሩ ራስ ላይ በቀይ ቀለም የጻፍሁት ስም የልጄ የሙላት ነው። ከእሱ ቀጥሎ ገና በዚያው ዓመት የራሱን ጥማድ የጠመደውን ፈንታን፣ ከዚያም ሌሎች አምስት አስከተልሁ።

ስምንተኛ ደግሞ ደምለውን ጻፍሁ።

ክቡር ሆይ፣ ደምለውን እርስዎ ያውቁታል፤ ጠመንጃ ደብቀሃል ተብሎ ከዝርዝሩ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በመንግሥትዎ ትእዛዝ ተሰቅሏል። መሞቱን እኔም አውቃለሁ፤ አስከሬኑ ላይ ዳዊት ደግሜአለሁ። ነገር ግን በእኛ ዘንድ የሞተ ሰው ከወንፈል አይሰረዝም። ወንፈል ማለት ዛሬ ለእኔ ብታርስ ነገ ለአንተ አርሳለሁ የምንባባልበት ማኅበራችን ነው። አባል ሲሞት ተራው ለሚስቱና ለልጆቹ ይቆምለታል። ጠዋት ማሳ ላይ ስም ስንጠራ የእሱንም እንጠራለን፤ ከጎኑ ያርስ የነበረው ሰው ስለ እሱ «አለ» ይላል፤ የእሱ ድርሻ ለመበለቲቱ ይታረሳል። እኔም ሥራነሽ የደምለው መበለት ከድንጋይ ተሸካሚነት ትድን ዘንድ፣ አንድ ቁና ዘርም ይደርሳት ዘንድ፣ እንደ ልማዳችን ባሏን ከአራሾቹ ጋር ቆጠርሁት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው፣ ለመበለቲቱ አንድ ቁና ስንዴ ላወርድ ብዬ ልጄን ከብብቴ ጣልሁ።

፫ኛ፤ ስለ ትምህርቱ አጀማመር። ሰኔ ፲፬ ቀን ሰባቱ ወጣቶች ታጥበው፣ ነጭ ለብሰው፣ ለሠርግ እንደሚሄድ ሰው ደስ ብሏቸው ማሳው ላይ ተሰለፉ። እኛ አባቶች ከአጥሩ ውጭ ቆመን እናይ ነበር። እርስዎ በራስዎ አንደበት ስም ጠሩ፤ የልጄን ስም ሲጠሩ አጠራርዎ እንግዳ ስለነበር ሙላት ፈገግ እንዳለ አይቻለሁ። ስምንተኛው ስም ላይ ደረሱ። ሰባቱም እንደ ለመዱት፣ ምንም ሳያስቡ፣ በአንድ ድምፅ «አለ» አሉ።

እርስዎ ያሰቀሉት ሰው «አለ» ሲባል ምን እንደተሰማዎ አሁን ይገባኛል። ሰባቱ ሽፍታ የደበቁ፣ በእሱ ቦታ ሌላ ሰው አሰቅለው ያስመለጡት መሰሉዎት። ያን ጊዜ ግን አልገባኝም፤ አጥሩን ይዤ፣ ልማዳችን ነው እያልሁ ብጮህም አስተርጓሚዎ ዞር ብሎ አላየኝም። ትምህርቱ ለብቻ ስለሆነ ወደ ቤታችሁ ሂዱ ተባልን። ዳገቱን ሳንጨርስ ተኩስ ሰማን። በማግሥቱ ስንጠይቅ ወታደሮች ቆቅ ሲያድኑ ነው ተባለ፤ ልጆቹም በችሎታቸው ተመርጠው ለከፍተኛ ትምህርት ወደ አስመራ መላካቸውን የሚገልጽ ባለ ማኅተም ወረቀት ለየቤቱ ደረሰን። ወረቀቱ ንጹሕ ነው፤ ማኅተሙም ያምራል። ባለቤቴ ወለላ ክረምቱን ሙሉ አስመራ ስንት ቀን ያስኬዳል እያለች መንገደኛ ነጋዴ ሁሉ ስትጠይቅ ከርማለች፤ ለዚህ ተስፋ እርስዎን ሳላመሰግን ባልፍ ነውር ይሆንብኛል።

፬ኛ፤ አሁን ወደ በሬዎቹ ልመለስ። መኪናውን በሐምሌ ለማውጣት ከተጠመዱት አንዱ ሙላት ከጥጃነቱ ያሳደገው ቡሬ ነበር። ከማሳው መካከል ሲደርስ ቆመ። ጅራፍ ቢበዛበትም አልተራመደም፤ አፍንጫውን አፈሩ ላይ ደፍቶ ሲያሸት ቆየና ማግሣት ጀመረ። ሌሎቹም ተከተሉት። ከብት እንዲህ የሚያገሣው የት ላይ እንደሆነ በአገራችን የማያውቅ የለም። ወታደሮችዎ ሳቁ፤ እኛ ግን ቀና ብለን መተያየት አቃተን።

ከመስከረም ወዲህ ደግሞ ስንዴው ራሱ ይናገራል። ማሳው በሙሉ ጉልበት ሲደርስ፣ ቡሬ በቆመበት ቦታ ብቻ፣ ርዝመቱ አሥራ አራት እርምጃ በሚሆን መስመር፣ ወገብ አልፎ አድጓል፤ መልኩም ወደ ጥቁር ያደላ አረንጓዴ ነው። ከዳገቱ ላይ ሆኖ ለሚያየው ፈሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ወለላ አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ቆማ አየችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ አስመራ ጠይቃ አታውቅም።

ሥራነሽ ቤቴ መጥታ፣ «መሪጌታ፣ እኔስ ባሌን ቀብሬአለሁ፤ እርስዎ ልጅዎን መቅበሪያ ያጡት በእኔ ምክንያት ነው» ብላ እግሬ ላይ ወደቀች። ያነሣኋት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእሷ አልነበረም፤ የእኔ ብዕርና የእርስዎ ጥይት ነው።

ከወንፈላችን የተረፍነው አራት ሽማግሌዎች ነን። በነሐሴ የሥራነሽን ጤፍ ለማረም ተሰብስበን እንደ ልማዳችን ስም ጠራሁ። አሥራ ሁለት ስም ጠራሁ፤ አሥራ ሁለት ጊዜ «አለ» ተባለ። እኔ ሙላት ብዬ ከጠራሁ በኋላ ግን ሽማግሌዎቹ አፋቸውን ሳይከፍቱ ከወንዙ ማዶ የተመለሰልኝ መሰለኝ። አርጅቻለሁ፤ ጆሮዬም አይታመንም። ሆኖም ከዚያ ወዲህ ማንም ስሙን ባይጠራው እንኳ ድምፁ ይሰማኛል፤ ስበላ ይሰማኛል፤ ቅዳሴ ላይ ይሰማኛል፤ ይህን ስጽፍም ይሰማኛል።

ስለዚህ ልመናዬ አንድ ብቻ ነው። በኅዳር ታላላቅ እንግዶችን ጠርተው መከሩን እንደሚያከብሩ፣ ከማሳው ስንዴ ዳቦ ተጋግሮ እንደሚቀርብላቸው፣ ከዚያም መኪናው ገለባውን ገልብጦ አንድ ክንድ ከስንዝር እንደሚያርስ ሰምቻለሁ። ክቡር ሆይ፣ ከዚያ በፊት አሥራ አራቱን እርምጃ ለእኛ ይተዉልን። በዶማና በብረት አንቆፍርም፤ በእጃችን እናወጣቸዋለን። ካህናታችን ትምህርት ቤት ነው ለተባለ ሰው ፍትሐት ማድረስ አልቻሉም፤ አርባው አለፈ፣ ሰማንያው አለፈ፣ ሙት ዓመቱ እየመጣ ነው። ስንዴውን ይውሰዱት፣ መሬቱንም ይውሰዱት፤ ልጄን ግን ይስጡኝ።

ለበጎ አሳቢነትዎ፣ ለጥልቁ እርሻዎና ለማያልቀው ትምህርትዎ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ፣ ጎንበስ ያልሁትም ከሐዘን መሆኑን ሳልደብቅ፣ የዝርዝርዎ ጸሐፊና የሙላት አባት ሆኜ እሰናበትዎታለሁ።

መሪጌታ ኃይለ ሚካኤል

ማስታወሻ፤ ለበጋው ትምህርት አሥራ ሁለት ወጣት ገበሬዎች ጽፌ እንድልክ በማዘዝዎ ዝርዝሩን በዚሁ አያይዣለሁ። ከስምንት በላይ አልሞላልኝም፤ ስሞቹንም ያውቋቸዋል፤ ሰባቱ ማሳዎ ውስጥ ስላሉ መጥሪያ መላክ አያስፈልግዎትም። የቀሩት ወጣቶቻችን ሞፈርና ቀንበራቸውን ሰቅለው፣ እኛ ሽማግሌዎቹና ሴቶቹም ተከትለን፣ መኪናዎ ወደማይወጣው ጫካ ገብተናል፤ ቤታችንን ቢያስፈትሹ ባዶ ነው። የመከሩ ዕለት፣ እንግዶችዎ ዳቦውን ከመቁረሳቸው በፊት፣ እባክዎን ማሳው ዳር ቆመው እንደ ሰኔው ቀን ስሞቹን አንድ በአንድ ይጥሩ። ከዳገቱ ላይ ሆነን እንሰማዎታለን፤ ስለ እያንዳንዳቸውም የሚመልስ ሰው አለ።