ማድረቂያው የቀዘቀዘ ሰሞን

ለእታለሜ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ልጆቹስ፣ ባለቤትሽስ? እኛ ደህና ነን። አባባም ደህና ናቸው ብዬ ልለፈው ነበር፤ ግን ላንቺ ካልነገርኩ ለማን እናገራለሁ? ባለቤቴን እንኳ ቀና ብዬ ማየት አቅቶኛል።

ነገሩ የጀመረው በልብስ ማድረቂያችን ነው። ይዞራል፣ ያጓራል፣ ግን አይሞቅም። ልብሱን እንዳስገባነው እርጥቡን ይመልስልናል። ባለቤቴ ቁልፉ ያለ ሙቀት በሚዞርበት ላይ ተደርጎ ይሆናል አለች፤ አልነበረም። ማጣሪያውን ስስበው የጨርቅ ብናኝ እንደ ብርድ ልብስ ወፍሮበታል። ጠረግኩት፤ ያው ነው። አባባን ብጠይቃቸው፣ እናንተ ሥራ ስትውሉ አንሶላዬን አሞቅበታለሁ፣ እርጅና ብርድ አይችልም አሉኝና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ቅዳሜ ጠጋኝ ጠራሁ። ማሽኑን ከግድግዳው ስቦ ከኋላ ያለውን የአየር ማስወጫ ቱቦ ሲፈታው በብናኝ ታፍኗል። ትኩሱ አየር መውጫ ሲያጣ ውስጡ ግሎ፣ እሳት እንዳይነሳ የምትጠብቀው ትንሽ ፊውዝ ተቃጥላለች። በቴስተር ለክቶ አሳየኝ፤ ማሞቂያው ራሱ ደህና ነው አለ። ፊውዟን እየቀየረ፣ ይሄ ማሽን እረፍት የለውም እንዴ፣ ቤታችሁ ጨቅላ አለ? ብሎ ጠየቀኝ።

እታለሜ፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እየሳቅኩ፣ አዎ፣ ጢም ያለው ጨቅላ አለን፣ አንሶላው ካልሞቀለት እንቅልፍ አይወስደውም አልኩት። አንቱ የምላቸውን አባቴን፣ ለማላውቀው ሰው፣ እንዲያ ብዬ!

ዘወር ስል አባባ በሩ ላይ ቆመዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዱ ተሳፋሪ ሁሉ ጋሼ እያለ የሚያከብራቸው አባባ። ተቆጥተው ቢሆን በወደድኩ። እሳቸው ግን ጠጋኙን እግዜር ይስጥልኝ ብለው፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው ወደ ክፍላቸው ገቡ።

ከሰዓት ይቅርታ ልል ሄድኩ። መስኮቱ በዚያ ብርድ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ፍራሹ ተገልብጦ ግድግዳውን ተደግፏል። አንሶላው በእጅ ታጥቦ ወንበር ላይ ተሰጥቷል፤ ገና ውሃው ይንጠባጠባል። አባባ ካፖርታቸውን ደርበው ፍራሽ በሌለው አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ቀድመው፣ ውሃ ደፍቼ ነው አሉኝ። እኔም እኮ ሁሌ እደፋለሁ አልኳቸው። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት!

አንሶላውን ይዤ ሄጄ ማሽኑ ውስጥ ከተትኩት። ሲደርቅ አብረን አነጠፍነው፤ አንዱን ጫፍ እሳቸው፣ አንዱን እኔ። ማጣሪያው እንዴት እንደሚጠረግ አሳየኋቸው፤ በፈለጉ ጊዜ ያስነሱት፣ ማንንም መጠየቅ የለብዎትም አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ወዲህ ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት ስለ አየሩ ያወሩኛል።

አሁን አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ነፍሳቸውን ይማርና አማትሽ አልጋ ላይ በዋሉ ጊዜ ከመድኃኒት ቤት የምትገዢላቸው፣ ለሌሊት ከልብስ ሥር የሚታሰር ነገር ነበር፤ ታውቂዋለሽ፣ ስሙን ልጽፈው አልቻልኩም። ልገዛ ሄጄ ነበር። ሻጯ ለማን ነው ስትለኝ የሳል ሽሮፕ ገዝቼ ተመለስኩ፤ ባለቤቴ እስካሁን ማን ነው የሚያስለው ትለኛለች። ስትመጪ በሻንጣሽ ይዘሽልኝ ነይ። በእጃቸው እንዳትሰጪያቸው አደራ። ቁም ሳጥናቸው ውስጥ፣ ከካልሲያቸው አጠገብ አድርጊውና ዝም በይ። ራሳቸው ያገኙታል።

አምላክ መንገድሽን ያቅናልሽ፣ ቤትሽን ይባርክልሽ። እኔንና አንቺንም ስናረጅ እንደኔ ካለ ልጅ ምላስ ይሰውረን።

ያፈረው ታናሽ ወንድምሽ