በወጥ ቤትህ ጣሪያ ላይ

ለወንድሜ፤

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህስ? ያ የሚያስቸግርህ ጉልበትህ ተሻለህ ወይ? እኔ ካለፈው ሐሙስ ጀምሮ ቁርጭምጭሚቴ አብጦ እግሬን ወንበር ላይ ሰቅዬ ከመዋሌ በስተቀር ደህና ነኝ። ይህን የጻፍኩት እናታችን ጤና ሳትጠይቁ ደብዳቤ እንዳትጀምሩ ብላ ስላሳደገችን ነው። ከዚህ በታች ያለው ሰላምታ አይደለም።

ጠበቃህ የላከው ወረቀት ደርሶናል። ወጣቷ ቄሳችን ፊሊፓ ከእሁድ ጸሎት በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆማ አነበበችልን። በዕርገት ሐሙስ ማንኛውም «የባህል ትርኢት» ወደ ወፍጮ ቤቱ ግቢ እንዳይገባ ይላል። ትርኢት! ይህን ቃል ሳታርም አልፈህ ከሆነ አፍሬብሃለሁ። የመንደራችን የሃርንኮም ሰው በየዓመቱ የአኻያ በትር ይዞ የደብሩን ወሰን የሚዞረው፣ የወሰን ድንጋዮቹንም የሚገርፈው ለፎቶ አይደለም። ካርታ ባልነበረበት ዘመን «መሬታችን እስከዚህ ነው» ብለን የምንመሰክረው በእግራችን ነበር። ጌቶቹ የጋራ ግጦሹን በአጥር ሲወስዱብን ታችኛው መስክ የተረፈው፣ የአያቶቻችን አያቶች በዚያው በዕርገት ቀን አጥሩን ጥሰው ስላለፉ ነው። አንተም ኳስ መጫወት የተማርከው እዚያ መስክ ላይ ነው። አንድ ዓመት ዞር ብለን ካለፍን ወሰኑም አብሮን ዞረ ማለት ነው። ጎረቤቶቻችን የኔዘርስቶው መንደር ሰዎች ደግሞ ይህን ሲመኙ ነው የኖሩት።

በብርዱ ወራት በመንደሩ አዳራሽ ተነስተህ የተናገርከውን አልረሳሁም። ከስንት ዓመት በኋላ ከለንደን ተመልሰህ፣ ወፍጮ ቤቱን ገዝተህ፣ መጀመሪያ የሠራኸው ነገር ቢኖር የወሰኑ ድንጋይ የቆመበት ግቢ ላይ ወጥ ቤት መገንባት ነበር። «ልጅ ሆኜ ቁልቁል ዘቅዝቃችሁ ጭንቅላቴን የገጫችሁበት ድንጋይ ነው» አልክ። «እግሬን የያዘው አባቴ ነው፤ የሳቃችሁት እናንተ ናችሁ። አሁን ሰባብሬ ለመንገድ ጠጠር አድርጌዋለሁ።» አሮጊቷ ወይዘሮ ታፐር ከኋላ ሆነው፣ «አይ አንተ ልጅ! ጭንቅላትህስ ምንም አልሆነ፤ እኛ ያዘንነው ለድንጋዩ ነበር» ሲሉ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አንተ አልሳቅህም።

ሁላችንም ተገጭተናል። ልጅ ወሰኑን እንዳይረሳ የሚደረግ ነገር ነው። እኔ ተገጨሁ፣ ቁራሽ የፖም ኬክ ተሰጠኝ፣ በልቼ ሄድኩ። አንተ ተገጨህ፣ አለቀስክ፣ ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን አብረኸን አልዞርክም። ዙረቱን ዕድሜውን ሙሉ የመራው አባታችን ሲቀበር እንኳ አልመጣህም። ድንጋዩን ሰበርኩት ስትል አመንኩህ፤ ያንተን ቂም ስለማውቀው አመንኩህ።

ሐሙስ ዕለት ወፍጮ ቤቱ ስንደርስ በሩ በሰንሰለት ታስሯል። የኔዘርስቶው ወንዶች ጠርሙሳቸውን ይዘው ድልድዩ ላይ ተደግፈው ያዩናል። አንዱ፣ «በዚያ በኩል ዙሩ እንጂ! ለሽማግሌ ሜዳው ይሻላል!» ብሎ ጮኸ። ፊሊፓ ፊቷ ቀልቶ፣ ለዘንድሮ ብቻ ብንዞርስ አለችኝ። እግዚአብሔር ይቅር ይበላት፣ ገና አዲስ ናት። እኔ አፌን ሳልከፍት ኔድ፣ ያ የሣር ክዳን የሚሠራው፣ ከመኪናው ላይ መሰላሉን አውርዶ መንገዱን በያዘው የወጥ ቤትህ ግድግዳ ላይ አቆመው።

«ክዳን ሠሪ ያለ መሰላል ከቤቱ ይወጣል እንዴ?» አለ።

ወይዘሮ ታፐር በትራቸውን በጥርሳቸው ነክሰው እግራቸውን መሰላሉ ላይ አኖሩ፤ ከዚያ በትሩን አውጥተው፣ «ቀና ብሎ ቀሚሴን ያየ ሰው እዚያው ዓይኑ ይጥፋ!» አሉና መልሰው ነክሰውት ወጡ። ኔድ «በዚህ ዕድሜዎት ማን ያያል፣ እማማ?» ሲላቸው ባርኔጣውን በእግራቸው አወረዱለት። ከዚያ መንደሩ በሙሉ ተከተለ። በጣሪያህ ላይ ሄድን፣ ልጅ ሽማግሌ ሳይል፣ ቀጥ ብለን፣ አንድ እርምጃ ሳንዛነፍ። የተሰበረ የጣሪያ ሸክላ ካለ የሰበርኩት እኔ ነኝ፤ አልጸጸትም።

መጨረሻ ያለፍኩት እኔ ነበርኩ። ትንፋሽ አጥሮኝ ከጣሪያው የመስታወት መስኮት አጠገብ ተንበርክኬ ወደ ውስጥ አየሁ። ጠበቃህ አንተ ለንደን እንዳለህ ጽፎልን ነበር።

ድንጋዩ በቦታው ቆሟል። ወለሉን ዙሪያውን አስቆርጠህለታል፤ ጫፉ እንኳ አልተነካም። አንተ አጠገቡ መሬት ላይ ተቀምጠህ፣ እጅህን አናቱ ላይ ጭነህ፣ ኮቴያችንን እያዳመጥክ ነበር። ቀና አላልክም።

ከጣሪያው ስወርድ እግሬ የታጠፈው ለዚህ ነው። መስኩ ላይ ኔድ ደግፎ እያስነሳኝ፣ «ምን አይተህ ነው የደነገጥከው?» ሲል አሾፈብኝ። «ወጥ ቤት» አልኩት። ወይዘሮ ታፐር ግን አተኩረው አዩኝና በትሬን አቀበሉኝ።

ይቅርታ ልጠይቅህ አልጻፍኩም። የዛሬ ዓመት በዕርገት እንመጣለን። ጠበቃህ የፈለገውን ያህል ገጽ ይጻፍ፤ ወሰኑ የሚያልፈው በወጥ ቤትህ መሃል ነው፣ እኛም የምናልፈው በዚያው ነው። እኔ ግን ከእንግዲህ መሰላል አልወጣም። ሌሎቹ በላይህ ይሂዱ፤ እኔ በሩ ላይ እቆማለሁ። እስክትከፍት ድረስም ንቅንቅ አልልም።

እግዚአብሔር ጉልበትህን ይማርልህ፤ ቤትህን ይባርክልህ። ዝናብ ሳይመጣ ጣሪያውን አስጠግነው። ለአንተ ብዬ ነው፤ ድንጋዩስ ዝናብ ለምዷል።

ታላቅ ወንድምህ