ማስጫው ላይ የተቀመጠችው ወፍ

ወንድም ጋሼ ሺገኖሪ፣

ባቡሩ እንዳያመልጠኝ በጥድፊያ ነው የምጽፍልህ።

የፍሪጁን ሶኬት ነቅለህ ሌንስ ከእርጥበት የሚጠብቀውን ሳጥንህን ሰክተሃል። በዚህ ዝናብ ሌንስ እንደሚሻግት አላጣሁትም። ግን ሳጥኑ ባዶ ነው እኮ! ገና ላልገዛኸው ሌንስ ስትጠነቀቅ የእኔ ዓሣ ሸተተ። አውጥተህ ጣለው።

ሩዝ ማብሰያው ውስጥ አለልህ።

ኩሬው ዳር ወንበር ዘርግተው የሚሰለፉት ጡረተኞች ስንቱን ወፍ ፎቶ አነሱ። ጎረቤታችን አቶ ኦጊሶ እንኳ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ሁለት አንስተዋል። አንተ ግን "ባለ ስድስት መቶ ሚሊሜትሩ ሌንስ ይሻላል ወይስ ዙሙ?" እያልክ ሦስት ዓመት ሙሉ ካታሎግ ታገላብጣለህ። "ለሥራ ሳፖሮ ከተማ ልሄድ ነው" ስልህ እንኳ ከካታሎጉ ቀና ሳትል "የዙሙስ ክብደት ስንት ነው?" አልከኝ።

ሻንጣዬ ሃያ ሁለት ኪሎ ነው። ብቻዬን እሸከመዋለሁ።

ሌላው ደግሞ፣ ቅዳሜ ጠዋት ልብስ ላሰጣ ስወጣ ያቺ የምታልማት ሰማያዊ ዓሣ አጥማጅ ወፍ ማስጫው ላይ ቁጭ ብላለች። እንዳልጠራህ ትበራለች ብዬ ፈራሁ። ያንን የድሮ ካሜራህን ሳላስፈቅድህ አንስቼ አንዴ ተጫንኩት። ይቅርታ አድርግልኝ።

ፎቶው ከወረቀቱ ሥር ነው። ወፏ ደብዘዝ ብላለች፤ እንደፈለግክ ሳቅብኝ። ከኋላዋ በመስኮቱ የሚታየው ሰው ግን ጥርት ብሎ ወጥቷል። ካታሎግህ ላይ ያቀረቀርከው አንተ ነህ።

አንድ ቅጂ ይዤ ሄጃለሁ። ለወፏ ብዬ እንዳይመስልህ።

እህትህ ቶሞኤ