ሸርጣኑን «አንቱ» ያለው ልጅ

ልጄ ሰናይት፣ እዚያ ባርቤዶስ ባሕሩ ዳር እመቤቴ በጥላዋ ትጋርዳችሁ። እኔ ደህና ነኝ። እዚህ ሰፈራችን ኖርድቬስትሽታት በርዷል፤ የሕንፃችን ሊፍትም እንደገና ተበላሽቷል።

የላክሽውን ቪዲዮ ደጋግሜ አየሁት። ኢዮስያስ ዳቦ ይዞ ሸርጣኑን እየተከተለ «አንቱ፣ ይምጡ! ይብሉ እንጂ!» ሲል ባልሽ ይስቃል። እኔም ሳቅሁ። የሰዋስው ስሕተት እንደማልምር ታውቂያለሽ፤ ይህ ግን የልጁ ስሕተት አይደለም። አማርኛ የሚሰማው ስልክ ደውለሽ እኔን «አንቱ» ስትዪኝ ብቻ ነው። እሱን የምታናግሪው በእንግሊዝኛ ነው፤ ታዲያ «አንተ» የሚለውን ከየት ይማር? እኔስ ስልኩን የማነሣልሽ እስከ መቼ ነው?

እባክሽ፣ ዛሬ አሸዋውን ከእግሩ ላይ ስታጥቢለት «አንተ የእኔ ጌታ» በዪው። ዕድሜሽ ይርዘም፤ ልጅሽም በቋንቋሽ ይጥራሽ።

እናትሽ ጽጌ