ከምግብ በኋላ የሚለው ሽቦ

ኅዳር 4

ፋርማሲው ጭር ብሎ ዋለ። ሁለት ሳል፣ አንድ ጨጓራ። ቤት ስገባ አባዬ ቲማቲም ገዝቶ መጥቷል። ጥሬውን፣ አረንጓዴውን። እማዬ ጮኸች፤ «ሰውዬ፣ ይሄን ለውርወራ ነው የገዛኸው?» እሱ ወደ በረንዳው ወጣ። እንደ ሁልጊዜው።

ጋራዡን ከዘጋ ስምንት ወሩ። በረንዳ ላይ ተቀምጦ ግቢ ውስጥ የቆመችውን አሮጌ ቱርቦ መኪናውን ሲያይ ይውላል። የሞተሯ ኮምፒውተር ከተቃጠለ ወዲህ አልተነሣችም፤ እንደሱ ያለ መመረት ካቆመም ዓመታት አልፈዋል። ወንድሜ በኪሎ ሊሸጣት ለብረት ገዢ ተናግሯል፤ ኅዳር 25 ይመጣል። እሷ ከሄደች አባዬ ምን ሊያይ ነው? አጥሩን?

ኅዳር 9

ያዘዝኩት ኮምፒውተር ደረሰ። የመኪናዋ የራሷ አይደለም፤ ለየትኛውም ሞተር የሚገጠም፣ በላፕቶፕ የሚታዘዝ። አባዬ ሳጥኑን በእግሩ ነካ አደረገው። «ሬዲዮ ነው?»

ሠላሳ ስድስት ሽቦ፣ ሁሉም በቀለም ብቻ የሚለይ። ፊቱ ተለወጠ። «የድሮው ይሻል ነበር። እዚያ እያንዳንዱ ሽቦ ቦታውን ያውቃል።» ኩራት መሰለኝ።

ኅዳር 12

ሥራ ተከፋፈልን። እኔ ወረቀቱን አነባለሁ፣ እሱ ከዳሽቦርዱ ሥር ተንጋሎ ያገናኛል። ልግባልህ ብለው «ዶክተር፣ አንቺ ክኒንሽን ቁጠሪ» አለኝ። ዶክተር አይደለሁም። ያውቃል።

«አረንጓዴ፣ የሁለተኛው ሲሊንደር እሳት።»
«ያዝኩት።»
«ቡናማ፣ የሦስተኛው።»
«ያዝኩት።»

እስከ ምሳ እንዲህ። ከዳሽቦርዱ ሥር ፉጨት ሰማሁ። ጋራዡን ከዘጋ ወዲህ አፏጭቶ አያውቅም… ደስ አለኝ።

ኅዳር 16

ቁልፉን አዞርኩ። ተንተባተበች። የጭስ ማውጫዋ እንደ ጥይት ጮኸ። የጎረቤት ድመት ጣሪያ ላይ ወጣች፣ ይህን ስጽፍም አልወረደችም። ላፕቶፑ ሁሉም ደህና ነው ይላል።

አባዬ ኮፈኑን ዘጋ፣ እጁን ታጠበ፣ በረንዳው ላይ ተቀመጠ። «ጊዜዬ አልፏል» አለ። ለኔ አይደለም፣ ለራሱ። ምን ነበር ያስጀመረኝ?

ኅዳር 17

እሱ ለደም ግፊቱ ክሊኒክ ሲሄድ እኔ ከዳሽቦርዱ ሥር ገባሁ። አረንጓዴው በቡናማው ቦታ። ቡናማው በአረንጓዴው። አርባ ዓመት የሠራ ሰው! ተዘናግቶ ይሆን? ሌሎቹን ሁሉ አየሁ። ቢጫው ልክ። ሰማያዊው ልክ። ነጩ ልክ… ከዚያ ቲማቲሙ ትዝ አለኝ።

እማዬ ሽንኩርት ትከትፋለች። አባዬ ቀለም አይለይም እንዴ አልኳት።

«ካልሲውን ማን የሚያዛምድለት ይመስልሻል?»
«የትራፊክ መብራቱንስ?»
«ከላይ ቁም፣ ከታች ሂድ።»
«ለምን አልነገራችሁኝም?»
«እሱ ለኔም አልነገረኝም። እኔም ማወቄን አልነገርኩት።»
«ታዲያ በቲማቲሙ ለምን ትጮሂበታለሽ?»
«ዝም ካልኩማ ማወቄን ያውቃል።»

ሠላሳ አራት ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር። ጉድ ነው።

ኅዳር 18

ሁለቱን ሽቦ ቀያይሬ «ተአምር!» ማለት እችል ነበር። ግን ያኔ ያስነሣኋት እኔ ነኝ፤ እሱ እንደተቀመጠ ይቀራል።

ከፋርማሲው መድኃኒት ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት አመጣሁ። ባዶው አልቆ ስለነበር፣ የአወሳሰድ ትእዛዝ የታተመበትን። በየሽቦው ጫፍ ለጥፌ ቁጥር ጻፍኩ። የሁለተኛው ሲሊንደር ሽቦ «ከምግብ በኋላ» ደረሰው፣ የሦስተኛው «በሚገባ ይናጥ»።

«አባዬ፣ እኔ ቀለም ይምታታብኛል። የዚያን ቀን አሳስቼህ ይሆናል። እንደገና በምልክት እንሥራው።»

ውሸት። ፊቴ ቲማቲም እንደመሰለ ታውቆኛል፤ ደግነቱ እሱ አይለየውም።

ትኩር ብሎ አየኝ። «አይዞሽ» አለ። «ይለመዳል።» ከወንበሩ ተነሣ።

ኅዳር 21

ተነሣች! ድመቷ ጣሪያው ላይ ናት።

ኅዳር 25

ብረት ገዢው ከነሚዛኑ መጣ። አባዬ ቁልፉን አዞረ። ሰውየው ቱርቦዋ ስታፏጭ ሰማ፣ ወንድሜን አየ፣ ሚዛኑን ተሸክሞ ወጣ። ወንድሜ «ቀደም ብላችሁ አትነግሩኝም?» አለ።

ልንሞክራት ወጣን። እኔ ነጂ፣ ላፕቶፑ እሱ ጭን ላይ። ዳገቱን ጨርሰን ዳር አቆምን። ወደ ሞተሯ የሚገባው ነዳጅ ሲበቃት አረንጓዴ፣ ሲያንሳት ቀይ ነው ስክሪኑ የሚያሳየው። አባዬ አፈጠጠበት። ወደ እኔ አዞረው።

«ይሄ… ቀይ ነው አረንጓዴ?»

ይህን ማንንም ጠይቆ አያውቅም። «ቀይ ነው አባዬ። ነዳጅ አንሷታል።»

«እሱንማ በድምጿ አውቄዋለሁ» አለ።

ስንመለስ አትክልት ቤቱ ጋ አቁሚ አለኝ። አብረን ወረድን።

እማዬ ፌስታሉን ከፈተች። ለመጮህ አፏን ከፍታ ነበር። አንዱን ቀይ፣ የበሰለ ቲማቲም አነሣች፣ አገላብጣ አየችው።

«ይሄን ደግሞ እንዴት አገኘኸው?»
«ጠይቄ» አለ አባዬ።

እማዬ ወንበር ስባ ተቀመጠች።